ምዕራፍ አምስት፦ የሌላ ገበያ ቁና

አዲስ አበባ ዳር ባለው የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሰፈር ቀኑ የሚጀምረው ሌሊቱ ሳያልቅ ነው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የአውቶቡስ ሰልፉ ይጠማዘዛል፤ የውሃ ተራ ከሆነ ደግሞ ከብሎኮቹ ሥር ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረው ያድራሉ። ዕጣ ወጥቶለት የገባው፣ ተከራይቶ የመጣው፣ ኮንዶሚኒየሙ ከመቆሙ በፊት ይህንኑ መሬት ያርስ የነበረው የኦሮሞ ገበሬ ቤተሰብ፣ ሁሉም እዚሁ አካባቢ ይኖራል። ሲታመምም ወረፋ የሚይዘው ጎን ለጎን ነው።

እንበልና ከብሎኮቹ በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ስድሳን የተሻገሩ እናት ይኖራሉ። ለደም ግፊታቸው ክትትል ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ወጣቷ ነርስ አንድ ገጽ ቅጽ አውጥታ «እናቴ፣ ዘጠኝ ጥያቄ ልጠይቅዎት» ትላቸዋለች። ቅጹ ፒኤችኪው-9 ይባላል፤ በዓለም ዙሪያ ድብርትን ለመለየት እጅግ ከተለመዱት መጠይቆች አንዱ ነው። ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል። «በጭራሽ» ዜሮ ነው፣ «ጥቂት ቀናት» አንድ፣ «ከግማሽ በላይ ቀናት» ሁለት፣ «በየቀኑ ለማለት ይቻላል» ሦስት። ድምሩ ከ27 ይያዛል።

«መደበር፣ መከፋት ወይም ተስፋ መቁረጥ ተሰምቶዎታል?»

«ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ! ተስፋስ አልቆርጥም።»

ዜሮ።

«እንቅልፍስ?»

«እንቅልፍማ የት አለና! ውሃው በሌሊት ነው የሚመጣው። ስጠብቅ ይነጋል።»

ሦስት።

«ድካም፣ አቅም ማጣት?»

«ጀሪካን ተሸክሞ አራት ፎቅ ወጥቶ የማይደክመው ማን አለ?»

ሦስት።

«የምግብ ፍላጎትዎስ?»

«ሁዳዴ ነው እኮ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያገኘኋትን እቀምሳለሁ፤ እሷም አትወርድልኝም።»

ነርሷ ትንሽ አስባ ሁለት ትጽፋለች። ራስን መጥላትና ቤተሰብን እንዳሳፈሩ መሰማት ላይ ሲደርሱ እናታችን «እኔ ምን የሚረባ ነገር አለኝ ብለሽ፣ ኃጢአተኛ ነኝ» ይላሉ፤ አንድ። ስለ ሞት የሚጠይቀው ዘጠነኛው ላይ «ምነው በገደለኝ ማለቱንማ አፌ ለምዶታል» ይላሉ፤ እሱም አንድ። በቀሩት ሦስት ጥያቄዎች ምንም የለባቸውም። ድምሩ አሥር ይሆናል።

አሥር ተራ ቁጥር አይደለም። በብዙ አገር «አሥርና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ድብርት ይጠረጠርበታል» ይባላል። እናታችን ቅጹ ተጣጥፎ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ሲነሡ ግን በሩ ላይ ቆም ይሉና «ልጄ ዓረብ አገር ከሄደች ወዲህማ ሆዴ እንደባባ ነው። ስልኳ ከጠፋ አራት ወሩ» ይላሉ።

ይህንን ዐረፍተ ነገር የሚያስገቡበት ሣጥን ቅጹ ላይ የለም። አሥሩ ነጥብ የተለቀመው ከውሃ ወረፋ፣ ከደረጃ፣ ከጾም፣ ከትሕትናና ከአፍ ልማድ ነው። ዋናው ኀዘን የተመዘገበው በዜሮ ነው። ቁጥሩ «እኚህ ሴት ይታዩ» ማለቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የመጣበት መንገድ ግን ሌላ ነው። በዚህ ምዕራፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው፦ እንዲህ ያለ ቁጥር ምን ያህል ይታመናል?

ስለ መለኪያ ስናወራ ሁለት ነገሮች ይምታቱብናል። የመጀመሪያው አስተማማኝነት ነው፤ ያንኑ ነገር ደጋግመን ስንለካ፣ ወይም ሁለት ሰዎች ለየብቻ ሲለኩት፣ አንድ ዓይነት ውጤት ይመጣል ወይ? ሁለተኛው ትክክለኛነት ነው፤ የለካነው ልንለካው ያሰብነውን ነው ወይ? በየገበያው የነበረውን ቁና አስቡ። አንዲት የእህል ነጋዴ በራሷ ቁና አሥር ጊዜ ብትሰፍር አሥሩም እኩል ነው፤ ስለዚህ አስተማማኝ ነው። ያ ቁና ወደ ሌላ ገበያ ሲሻገር ግን «አምስት ቁና» የሚለው ቃል ሌላ መጠን ይሆናል። ቁናው አልተሰበረም፤ ገበያው ነው የተለየው። የሥነ አእምሮ መጠይቆች ችግርም በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

መጠይቆቹ የመጡበትን ምክንያት ካላወቅን ግን ፍርዳችን ያዳላል። በሥነ አእምሮ ሕክምና ደም ተመርምሮ ወይም ራጅ ተነሥቶ «ይኸው» የሚባል ነገር እምብዛም የለም። ምርመራው ንግግር ነው። ንግግር ደግሞ እንደ ሰሚው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የኒውዮርክ ሐኪሞች ስኪዞፍሬንያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም አለበት የሚሉት ሕመምተኛ ከለንደኖቹ እጅግ በዝቶ ተገኘ። በኒውዮርክ ሕመሙ በዝቶ ነው ወይስ ሐኪሙ ነው የተለየው? ተመራማሪዎች በሁለቱም ከተሞች ሕመምተኞችን በአንድ ዓይነት የተዘጋጀ ቃለ መጠይቅ ሲመረምሩ ልዩነቱ በአብዛኛው ጠፋ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1972 ታተመ። የተለየው የሐኪሙ ጆሮ ነበር ማለት ነው።

ሮበርት ስፒትዘር የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ይህንን ጉድለት ለመድፈን ዕድሜያቸውን ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣውን ዲኤስኤም-3 የተባለ የምርመራ መመሪያ የመሩት እሳቸው ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ሕመም የምልክት ዝርዝር ወጣለት። ፒኤችኪው-9ንም እ.ኤ.አ. በ2001 ከባልደረቦቻቸው ጋር ሲያሳትሙ መነሻቸው እንዲህ ያለው የምልክት ዝርዝር ነበር። ስለዚህ ጤና ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ ያለችው አንድ ገጽ በሐኪሞች አለመግባባት የተወለደች ናት። ሐኪም በስሜቱ ብቻ እንዳይፈርድ የሚከለክል ነገር ማስፈለጉን እኔ ከልቤ አምንበታለሁ።

ይሁንና ዝርዝሩ አለመግባባቱን አላጠፋውም። ስምምነትን ለመለካት ካፓ የሚባል ቁጥር አለ፤ ጃኮብ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ያቀረቡት ነው። ሁለት ሰዎች እንዲያው በግምት ቢመልሱም አንዳንዴ መገጣጠማቸው አይቀርም፤ ካፓ ያንን የአጋጣሚ ድርሻ ቀንሶ የቀረውን ያሳያል። ዜሮ ከአጋጣሚ የማይሻል ስምምነት ነው፤ አንድ ፍጹም ስምምነት። ዲኤስኤም-5 በወጣበት እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው የመስክ ፍተሻ ሁለት የሠለጠኑ ባለሙያዎች ያንኑ ሕመምተኛ ለየብቻ መርምረው ለስኪዞፍሬንያ 0.46 ካፓ አገኙ። ለከባድ ድብርት ያገኙት ግን 0.28 ነበር። በዓለም እጅግ የታወቀው የአእምሮ ሕመም፣ በታላላቅ ሆስፒታሎች፣ በባለሙያ ዓይን ይህን ያህል ካወዛገበ፣ የኮዬ ፈጬዋ ነርስ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስትቸገር ማንም ሊወቅሳት አይገባም።

ወደ አገራችን እንምጣ፤ የምንማርበት ብዙ አለን። አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተቋቋመ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ አገር ቤት ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ሐኪሙ እንዲህ ጥቂት ሲሆን መጠይቅ የሐኪም ምትክ ይሆናል፤ ስለዚህ አስተማማኝነቱ ለእኛ ከምሁራን ክርክር ያለፈ ጉዳይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለታዳጊ አገሮች ያዘጋጀው ኤስአርኪው የተባለ መጠይቅ ሃያ የአዎና የአይደለም ጥያቄዎች አሉት፤ ራስ ምታት አለ ወይ፣ እጅ ይንቀጠቀጣል ወይ፣ በቀላሉ ይደነግጣሉ ወይ እያለ ይቀጥላል። ፍራንክ ኮርትማን የተባሉ ሆላንዳዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ይህንን መጠይቅ ኢትዮጵያ ውስጥ ፈተሹት፤ ከባልደረባቸው ጋር ያደረጉት ጥናትም እ.ኤ.አ. በ1988 ታተመ። ያደረጉት ቀላል ይመስላል፤ ሰዎቹ የመለሱትን ይዘው «ጥያቄውን ስትሰሙ ምን ተረዳችሁ? ለምንስ አዎ አላችሁ?» ብለው መጠየቅ ነበር። ያገኙት ሁለት እንቅፋት ነው። አንዱ አለመረዳት ነው፤ ሰው የሚመልሰው ጠያቂው ያላሰበውን ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ፍላጎት ነው፤ ሰው የሚመልሰው ከመልሱ የሚጠብቀውን እያሰበ ነው።

ሁለተኛውን እንቅፋት የኮንዶሚኒየም ነዋሪ በደንብ ያውቀዋል። ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ ሰው በር ሲያንኳኳ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ «ምን ሊመዘግብ ነው?» የሚል ነው። የዕርዳታ ምዝገባ ከመሰለ ችግሩ ይበዛል፤ የቤት ቁጥጥር ከመሰለ ሁሉም ሰላም ይሆናል። ያው ሰው፣ ያው ልብ፣ ሁለት ድምር። አስተማማኝነት የሚፈርሰው ጥያቄው ከመጠየቁ በፊት ደጃፉ ላይ ነው።

አንደኛው እንቅፋት፣ የቃሉ ነገር፣ ከዚህም ይጠልቃል። «ደበረኝ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። የሃያ ዓመት የአዲስ አበባ ልጅ ፊልሙ ደበረኝ ይላል፣ ክላሱ ደበረኝ ይላል፤ መሰልቸቱ ነው። ለእናቱ ቃሉ ሰውነትን የሚጫን ነገር ነው። በሬዲዮና በቴሌቪዥን አሁን አሁን «ድባቴ» የሚለው ቃል ተለምዷል፤ ባለሙያው ይገባዋል፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያሉት እናት ግን በራሳቸው ቃል «ሆዴ ባባ» ነው የሚሉት። «ተስፋ ቆረጥኩ» ማለት ለብዙ አማኝ የስሜት ገለጻ አይደለም፤ ፈጣሪን መካድ ነው የሚመስለው። ስለዚህ እየተሰቃየም ቢሆን «ተመስገን» ይላል። በአንጻሩ ስለ ሞት መናገር በእኛ ቋንቋ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። እናት ልጇን «ልሙትልህ» ብላ ታቆላምጣለች፤ የተናደደ ሰው «ሞቴን ባደረገው» ይላል። ይህንን በቁሙ የሚመዘግብ ሰው ሁሉንም ሊሞት ያሰበ ያደርገዋል። ይህንን ሰምቶ የሚንቅ ደግሞ ከመቶው መካከል እውነቱን የተናገረውን አንዱን ያልፈዋል፤ የሚያስፈራው ይሄኛው ነው።

የኤድንብራው መጠይቅ ታሪክ ነገሩን ይበልጥ ያጎላዋል። ይህ መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1987 በስኮትላንድ ለወለዱ እናቶች የተዘጋጀ ሲሆን አሥር ጥያቄዎች አሉት። አዘጋጆቹ ስለ ሰውነት ሕመም የሚጠይቁትን ሆን ብለው ተዉ፤ አራስ ሴት መድከሟና እንቅልፍ ማጣቷ ያለ ነው ብለው። ለስኮትላንድ ብልህ ውሳኔ ነበር። ሻርሎት ሀንሎን፣ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ ገጠር ውስጥ ሞክረውት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት ግን መጠይቁ ደካማ ሆኖ ተገኘ፤ ኤስአርኪው ተሻለ። እኔ ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፦ ጭንቀቷን «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ያፍነኛል» ብላ በሰውነቷ የምትናገር ሴት፣ ስለ ሰውነት የማይጠይቅ ወረቀት ፊት ዲዳ ትሆናለች። ማርቆስ ተስፋዬና ባልደረቦቻቸው ደግሞ ያንኑ የኤድንብራ መጠይቅ አዲስ አበባ ውስጥ ፈትሸው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲያሳትሙ ጥሩ ሠርቶ አገኙት። ያው አማርኛ፣ ያው አገር ነው፤ በከተማና በገጠር መካከል ግን ቁናው ተለወጠ።

ኮዬ ፈጬ ታዲያ ከተማ ነው ወይስ ገጠር? አንዱ ብሎክ ላይ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች የባንክ ሠራተኛ፣ ሥሯ ከገጠር ትናንት የመጡ አያት፣ ከአጥሩ ማዶ በአፋን ኦሮሞ አፉን የፈታ አዛውንት። ሦስቱ አንድ ቀን አንዲት ነርስ ፊት ይቀመጣሉ።

መለያ ነጥቡም በዚያው ልክ ይዋልላል። ብዙ ገላዬና ባልደረቦቻቸው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል የአማርኛውን ፒኤችኪው-9 ከሐኪም ቃለ መጠይቅ ጋር አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት የተሻለው ነጥብ አሥር ሆነ። በዚያ ነጥብ ከባድ ድብርት ካለባቸው 86 በመቶውን ይይዛል፤ ከሌለባቸው ደግሞ 67 በመቶውን በትክክል «የለባቸውም» ይላል። ቡታጅራ አካባቢ በገጠር ጤና ጣቢያዎች ሲሞከር ግን የሚመረጠው ነጥብ ወደ አምስት ወረደ። አምስትና አሥር! አንዱ ጋ «ደኅና ነዎት፣ ይሂዱ» የሚባለው ሰው ሌላው ጋ ተመላልሶ መታየት ያለበት ነው።

86 እና 67 የሚሉትን ቁጥሮች በሰው እንቁጠራቸው። አንድ ብሎክ ላይ መቶ አዋቂዎች አሉ እንበል፤ ከእነሱ አሥሩ በእርግጥ ድብርት ይኑርባቸው። ቅጹ ከአሥሩ ወደ ዘጠኝ ይይዛል፤ ደስ ይላል። ደኅና ከሆኑት ዘጠና ሰዎች ግን ሢሶው፣ ማለትም ሠላሳ ያህሉ፣ በስሕተት አብረው ይያዛሉ። «አሥርና ከዚያ በላይ» የተባሉት በድምሩ 39 ሆኑ፤ በእርግጥ የታመሙት ዘጠኙ ብቻ ናቸው። ከአራቱ አንድ እንኳ አይሞሉም። እነዚህን 39 ሰዎች «ድብርት አለባችሁ» ብሎ በዚያው መድኃኒት የሚጽፍ ጤና ጣቢያ ሠላሳ ደኅና ሰዎችን ሕመምተኛ አደረገ ማለት ነው። ሠላሳ ዘጠኙን አንድ በአንድ አስቀምጦ የሚያናግር ጤና ጣቢያ ግን መቶ ሰው ከመመርመር ድኗል፤ ዘጠኙንም አግኝቷል። ወረቀቱ አንድ ነው፤ የአጠቃቀሙ ልዩነት ግን የሰው ሕይወት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ግን የቦረና ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ሲአይዲአይ በተባለው ረጅም ቃለ መጠይቅ የቦረናን አርብቶ አደሮች ፈትሾ አንድም የስኪዞፍሬንያ ሕመምተኛ አላገኘም። ስኪዞፍሬንያ የሌለበት ሕዝብ! ይህ እውነት ቢሆን የዓለምን ሕክምና የሚያናውጥ ዜና ነበር። ተሾመ ሽብሬ፣ ሰሎሞን ተፈራና ባልደረቦቻቸው ግን «የለም» በሚለው አልረኩም። ተመልሰው ሄዱ፤ በዚህ ጊዜ ያስቀደሙት ማኅበረሰቡን መጠየቅ ነበር፦ እናንተ ዘንድ አእምሮው የተነካ ሰው ምን ይባላል? እንዴትስ ታውቁታላችሁ? ቦረናዎች «መራታ» የሚል ቃል እንዳላቸው፣ ምልክቱንም ለይተው እንደሚያውቁ ተናገሩ፤ የአገር ሽማግሌዎችም ሰዎቹን ጠቆሙ። በባለሙያ ሲመረመሩ ስኪዞፍሬንያ ተገኘ። ይህም እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ። ሕመምተኞቹ በፊትም እዚያው ነበሩ። ያጣቸው መጠይቁ ነው፤ ያገኛቸው ደግሞ የመንደሩ ዓይን።

ቡታጅራም ላይ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ከ68 ሺህ በላይ አዋቂዎች ሲጣሩ ሁለት መንገድ ነበር፤ አንዱ ቃለ መጠይቁ፣ ሌላው ነዋሪውን የሚያውቁ የአካባቢው ሰዎች ጥቆማ። ሁለቱ ያመጡት ሰው አንድ አልነበረም፤ አንዱ ያጣውን ሌላው ያገኝ ነበር። በተለይ ስኪዞፍሬንያን ጠቋሚዎቹ ይበልጥ ያውቁት ነበር፤ የስሜት መዋዠቅ ሕመሞችን ደግሞ ቃለ መጠይቁ። ስለዚህ «ወረቀቱን ቀድዳችሁ ጣሉትና ሽማግሌ ጠይቁ» የሚል መደምደሚያም አያስኬድም። በጓዳው ብቻውን የሚያለቅሰውን ሰው ጎረቤት አያየውም። እሱን ማንም ላያገኘው ይችላል፤ ዘጠኙን ጥያቄ በትዕግሥት የምትጠይቅ ነርስ ግን ታገኘዋለች።

በኮንዶሚኒየም ኑሮ ይህ ይበልጥ እውነት ነው። ግቢ ተጋርቶ፣ ቡና ተጠራርቶ የኖረ ሰው ብረት በር ዘግቶ ሲገባ የመንደሩ ዓይን ይደክማል። የብሎኩ ዕድር ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ይተክላል፤ በሦስተኛ ፎቅ ለአንድ ወር ከቤት ያልወጣውን ሰው ግን ላይጠይቀው ይችላል። ስለዚህ ኮዬ ፈጬ ላይ ወረቀቱም ያስፈልጋል፣ ጎረቤትም ያስፈልጋል።

እኔ የምሰጠው ፍርድ ይህ ነው፦ ድምሩ የምርመራ ውጤት አይደለም፤ ወደ ምርመራ የሚያስገባ በር ነው። ነርሷ እናታችንን አሥር ካስቆጠረች በኋላ «እንቅልፉ ውሃ በሌለበት ሌሊትስ እንዴት ነው?» ብላ ብትጠይቅ፣ «ከጾሙ በፊትስ ይበሉ ነበር?» ብትል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ሆድዎን የሚያባባው ምንድን ነው?» ብትላቸው፣ የልጅቷ ነገር በሩ ላይ ሳይሆን ወንበሩ ላይ ይነገር ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ቀን ይህ ቅጽ ፊትዎ ሲቀመጥ ያልገባዎትን ቃል «ምን ማለት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ሣጥኑ ውስጥ የማይገባውንም በራስዎ ቃል ይናገሩ። ጠያቂው እርስዎ ከሆኑ ደግሞ ዘጠነኛውን ጥያቄ ለብቻው ይዩት። እዚያ ላይ ከዜሮ ሌላ ቁጥር ከተጻፈ ድምሩ ሦስትም ይሁን ሃያ ለውጥ የለውም፤ እስክሪብቶውን ያስቀምጡና «ይህንን ሲሉ የአፍ ልማድ ነው ወይስ ከልብዎ ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን ሳይሰሙ ሰውየውን አይሸኙት።